ስለ ፊልም ሬንደር ማድረጊያ ኮምፕዩተር አመራረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በፊልም ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)






ይህን በዓል ምክንያት በማድረግ የፊልም ክበባችን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ የ40 ደቂቃ ፊልም ለማዘጋጀት እንደ ተነሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ ፊልም ውስጥ ቀድሞ ያስተማሩ፥ በጥበቃ ያገለገሉና በዚሁ ግቢ የተማሩ አባቶችና እናቶች የሚያስታውሱትን በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ። ፎቶግራፍ ሳይነሣ የፈረሰውን የመጀመሪያውን የጭቃ ክፍል ደግሞ ከእነርሱ አፍ እንደ ሰማነው በኮምፕዩተር ሥዕል አቁመን ለ2 ደቂቃ ያህል እናሳያለን። ለሥራው የሚሆን ኮምፕዩተር ይገዛ ዘንድ ወላጆች ከሱቃቸውና ከጉልታቸው ገቢ፥ ተማሪዎችም ከቁርሳቸው ቀንሰው ገንዘብ አዋጥተዋል።

ገንዘቡ የብዙ ሰው ላብ ስለ ሆነ፥ ምን ዓይነት ኮምፕዩተር ቢገዛ እንደሚሻል፥ ለምንስ እንደሚሻል በፊታችሁ ቆመን ማስረዳት ግዴታችን ነው። በትምህርት ቤታችን ስለዚሁ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አሳብ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ከተገዛ አይቀር በገበያው ያለው ትልቁና ውዱ ይገዛ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ኮምፕዩተር ሁሉ ያው ኮምፕዩተር ነው፤ ርካሹ ተገዝቶ ገንዘቡ ይትረፍ» ይላል። እኛ ግን ከሁለቱም የተለየ አሳብ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም መሣሪያው ከመመረጡ በፊት ሥራው መለካት አለበት የሚል ነው።

የምንኖረው በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ መካከል ነው። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፥ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ከተደረገ ወዲህ፥ ይህ ሰፈር የአገሪቱ ታላቅ ገበያ ሆኖ ይኖራል። ሸማ የሚፈልግ ወደ ሸማ ተራ፥ በርበሬ የሚፈልግ ወደ በርበሬ ተራ፥ አሮጌ ብረትና ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። እናቶቻችን በርበሬ ለመግዛት ሲወጡ ለስንት ሰው እንደሚሆን፥ ለወጥ ይሁን ለድልህ አስቀድመው ያውቃሉ፤ ከዚያም ቆንጥረው ይቀምሳሉ፥ ከሦስት ሱቅ ዋጋ ይጠይቃሉ። ኮምፕዩተር ሊገዛ የሄደ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «ጥሩው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ነጋዴውም ሰውዬው ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ስለማያውቅ፥ በሱቁ ካለው መካከል ለእርሱ ጥሩ የመሰለውን ያሳየዋል። በዚህ ነጋዴው ሊወቀስ አይገባውም። ጥያቄው ካልጠራ መልሱ ከየት ይጠራል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እንግዲህ ሬንደር ማድረግ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቀድመን እንናገር።

ፊልም የሚንቀሳቀስ ይመስላል እንጂ የቆሙ ሥዕሎች ድርድር ነው። ሥዕሎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ ዓይናችን እንደ አንድ እንቅስቃሴ ይቀበላቸዋል። እኛ በመረጥነው ልክ በ1 ሴኮንድ 25 ሥዕሎች ያልፋሉ፤ በ40 ደቂቃ 60,000 ሥዕሎች ማለት ነው። እያንዳንዱ ሥዕል በወርድ 1,920፥ በቁመት 1,080፥ በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ለያንዳንዱ ነጥብ የቀለሙን ልክ የሚናገሩ 3 ባይቶች ቢመደቡለት፥ አንዱ ሥዕል 6.2 ሜጋባይት፥ አንዱ ሴኮንድ 155 ሜጋባይት፥ አንዱ ሰዓት 560 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ይህን የሚያክል ሸክም በስልክም ሆነ በቴሌቪዥን ለማሳየት ስለማይመች ጨምቆ ማሳነስ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264 የሚባለው የማሳነሻ ደንብ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ልክ ቢሠራ፥ ያንኑ የ1 ሰዓት ፊልም ለተመልካች ዓይን ብዙ ሳያጓድል ወደ 3.6 ጊጋባይት ያወርደዋል።

ስለዚህ ሬንደር የሚባለው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ተቆርጦ የተቀጠለውን፥ ቀለሙና ድምፁ የታረመውን ፊልም አዋሕዶና ጨምቆ አንድ ፋይል ማድረግ ነው። ሁለተኛው፥ ካሜራ ያላየውን ነገር ከባዶ መሣል ነው። በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ኮምፕዩተሩ ብርሃኑ በየትኛው መስኮት እንደ ገባ፥ በጭቃው ግድግዳ ላይ እንዴት እንዳረፈ፥ የአግዳሚው ወንበር ጥላ ወዴት እንደ ወደቀ ለየነጥቡ ያሰላል። የሁለቱ ሥራ ስም አንድ ይሁን እንጂ ድካማቸው እጅግ የተለያየ ነው።

ይህን በቃል ብቻ እንዳንናገር በክበባችን ባለው አሮጌ ኮምፕዩተር ላይ ሰዓት ይዘን ለካን። ካሜራ ያነሣውን ክፍል ስናስጨምቀው ለ1 ደቂቃ ፊልም 2 ደቂቃ ያህል ወሰደበት። ስለዚህ 38ቱ ደቂቃ በ76 ደቂቃ ያልቃል፤ ከሰዓት በኋላ ጀምረነው ወደ ቤታችን ሳንሄድ ይደርሳል ማለት ነው። የጭቃውን ክፍል ብሌንደር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ስናሥለው ግን አንዱ ሥዕል ብቻ 3 ደቂቃ ፈጀ። የ2 ደቂቃ ፊልም 3,000 ሥዕሎች አሉት። 3,000 ሥዕሎች በ3 ደቂቃ ሲባዙ 9,000 ደቂቃ፥ ይኸውም 150 ሰዓት፥ ይኸውም 6 ቀንና 6 ሰዓት ይሆናል። ከፊልሙ ሃያኛ እጅ ብቻ የሆነው ክፍል ከቀሪው ክፍል ሁሉ ከ100 ጊዜ የሚበልጥ ሰዓት ይበላል!

ከዚህ ልክ በኋላ ነገሩ ግልጽ ሆነልን። እጅግ ውድ የሆነ ፕሮሰሰር ገዝተን የመጨመቁን ሥራ በእጥፍ ብናፈጥነው የምናተርፈው 38 ደቂቃ ነው። የመሣሉን ሥራ በእጥፍ ብናፈጥነው ግን 75 ሰዓት እናተርፋለን። ገንዘቡ መሄድ ያለበት ሰዓቱ ወደሚሄድበት ነው። የእኛ ፊልም የተነገረ ቃል ብቻ ቢሆንና የተሣለ ነገር ባይኖርበት ኖሮ ምክራችን ሌላ በሆነ ነበረ።

ደግሞም የምንፈልገው ለሬንደር ብቻ የተለየ ኮምፕዩተር መሆኑን ልብ በሉልን። አሮጌው ኮምፕዩተር ፊልሙን ለመቁረጥና ለመቀጠል ይበቃናል። እርሱ ግን ሬንደር ሲያደርግ ሌላ ሥራ አይሠራም፤ ተማሪዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሁለተኛ ኮምፕዩተር ቢኖር አንዱ ሲሥል በሌላው ይቆረጣል። ለዚህ ዓይነት ኮምፕዩተር ውብ ሞኒተር፥ በቀስተ ደመና ቀለም የሚበራ ሣጥን፥ የጨዋታ ኪቦርድ አያስፈልገውም። ሥራውን ካዘዙት በኋላ ጥግ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ነውና ለጌጡ የሚወጣው ገንዘብ ለሥራው ይውላል። ከአሮጌው ጋር በኔትወርክ ኬብል ቢያያዝ፥ 1 ጊጋቢት በሚባለው መስመር 100 ጊጋባይት ፊልም ከአንዱ ወደ ሌላው በ15 ደቂቃ ያህል ይተላለፋል።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንግባ።

ስለ ፕሮሰሰር። በገበያው የሚጠየቀው «ስንት ኮር አለው?» የሚለው ነው። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ እንደ ማለት ነው። ነገር ግን የሠራተኛ መብዛት ብቻውን ሥራ አያፋጥንም። በአንድ የልብስ ስፌት ቤት አንድ ቆራጭና ብዙ ሰፊዎች አሉ እንበል፤ ሰፊዎቹ ቢበዙም ቆራጩ ካልደረሰላቸው ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ጂን አምዳል የተባለ አሜሪካዊ የኮምፕዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 የዚህን አሳብ መሠረት አቅርቦ ነበረ። ከሥራው አምስተኛ እጁ የማይከፋፈል ቢሆን፥ 4 ሠራተኞች ሥራውን ሁለት ጊዜ ተኩል ያፈጥኑታል፤ 16 ሠራተኞች ግን 4 ጊዜ ብቻ ያፈጥኑታል፤ እልፍ ሠራተኛ ቢቀጠር እንኳ ከ5 ጊዜ አያልፍም። ስለዚህ ለእኛ ሥራ 8 ኮር ያለው ፕሮሰሰር ይበቃል እንላለን።

ስለ ግራፊክስ ካርድ። ሥዕል በመሣል ጊዜ የአንዱ ነጥብ ስሌት የጎረቤቱን ነጥብ አይጠብቅም ለማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት ሥራው ለብዙ ሺህ ትናንሽ ሠራተኞች ይከፋፈላል። ግራፊክስ ካርድም ይህንኑ የያዘ ነው፤ ለምሳሌ ያህል አር ቲ ኤክስ 3060 የተባለው የኤንቪድያ ካርድ 3,584 ትናንሽ ኮሮች አሉት። ይህን ካርድ በአንድ ሱቅ የራሳችንን ሥዕል ሰጥተን ስንፈትነው አንዱን ሥዕል በ30 ሴኮንድ ሣለው። 150 ሰዓት የነበረው 25 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ሌላ ካርድ ደግሞ በ15 ሴኮንድ ሣለው፤ ሁሉንም በ12 ሰዓት ተኩል ይጨርሳል። ዋጋው ግን ከሁለት እጥፍ በብዙ ይበልጣል። ሥራው ቅዳሜ ጧት ተጀምሮ እሑድ ጧት አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሊደርስ የሚችል ከሆነ፥ ቅዳሜ ማታ እንዲደርስ ብቻ የእናቶቻችንን ገንዘብ እጥፍ ማውጣት ተገቢ ነውን?

በካርድ ጉዳይ ከፍጥነቱ ሌላ ሁለት ነገር መመርመር ይገባል። የመጀመሪያው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። የሚሣለው ነገር ሁሉ፥ ግድግዳው፥ ዛፉ፥ የቆርቆሮው መልክ፥ በካርዱ ሜሞሪ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ ሥራው እጅግ ይዘገያል ወይም ፈጽሞ ይቆማል። በዚህ ረገድ ስም ያታልላል። አር ቲ ኤክስ 3070 በቁጥሩም በፍጥነቱም ከ3060 ይበልጣል፤ ሜሞሪው ግን 8 ጊጋባይት ሲሆን የ3060 ግን 12 ጊጋባይት ነው። ይባስ ብሎ በዚሁ በ3060 ስም 8 ጊጋባይት ብቻ ያለው ሌላ ካርድ ኋላ ወጥቷል። ስለዚህ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሜሞሪውንም ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፥ ቪዲዮ የሚጨምቅ የተለየ ክፍል በካርዱ ላይ መኖሩ ነው። ኢንቴል ይህን ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2011፥ ኤንቪድያም ከ2012 ጀምረው በብዙ ምርቶቻቸው ላይ አኑረውታል፤ ነገር ግን ጂ ቲ 1030 እንደሚባለው ባለ ርካሽ ካርድ ላይ አይገኝም። ይህ ክፍል ሥራውን በጣም ያፋጥናል። በፕሮሰሰሩ ቀስ ተብሎ የተጨመቀ ፊልም ግን በዚያው መጠን ብዙውን ጊዜ የበለጠ ጥራት ይኖረዋል። ስለዚህ ለሙከራው ቅጂ ካርዱን፥ ለዘለቄታው ቅጂ ፕሮሰሰሩን እንጠቀማለን።

ስለ ራምና ስለ ዲስክ። ራሙ ከ16 ጊጋባይት ሊያንስ አይገባም፤ 32 ቢሆን ይመረጣል። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ያህል ያነባል፤ ሳታ በሚባለው መስመር የሚሠራ ኤስ ኤስ ዲ 550 ያህል ያነባል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለው ፊልም በኤስ ኤስ ዲ፥ ያለቀው ደግሞ በሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። በሴኮንድ 3,500 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ የሚያነቡ ኤስ ኤስ ዲዎችም አሉ፤ ነገር ግን አንዱን ሥዕል ለመሣል 30 ሴኮንድ የሚቆይ ኮምፕዩተር ዲስኩ ስለ ፈጠነለት የሚያተርፈው ነገር የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አዲስ ይገዛ ወይስ ያገለገለ የሚለው ነው። ዕቃው ሁሉ ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህን የመርካቶ ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ስለዚህ ነጋዴዎቻችን «ስላይት ዩዝድ» የሚሉትን፥ በውጭ አገር መሥሪያ ቤት ጥቂት ዓመት አገልግሎ የመጣውን ትልቅ ኮምፕዩተር አንናቅ እንላለን። ዳሩ ግን ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው አምስት ነገር ይጠንቀቅ።

አንደኛ፥ ዚዮን የሚባለውን አሮጌ ፕሮሰሰር የያዘ እንደ ሆነ ከስሙ መጨረሻ ያለውን ምልክት ያንብብ። በኢ 5 ወገን «ቪ 3» ወይም «ቪ 4» የሚሉት ኤ ቪ ኤክስ 2 የሚባለውን የስሌት ትእዛዝ ያውቃሉ፤ ይህም ለመጨመቅ ሥራ እጅግ ይረዳል። «ቪ 2» የሚለው ግን አያውቀውም።

ሁለተኛ፥ የሣጥኑን መጠን ይለካ። ብዙዎቹ ያገለገሉ የመሥሪያ ቤት ኮምፕዩተሮች ቀጫጭኖች ናቸው፤ ረጅም ካርድ አይገባባቸውም፤ ፓወር ሰፕላያቸውም ትንሽ ከመሆኑ በላይ ለካርድ የሚሆን ሶኬት የለውም። አንዳንዶቹም ከፋብሪካቸው በቀር የማንም ፓወር ሰፕላይ የማይገጥማቸው ናቸው።

ሦስተኛ፥ ስመ ሐሰት ካርድ እንዳይገጥመው ይጠንቀቅ። በዓለም ገበያ አሮጌና ደካማ ካርድ በውስጡ ያለው ጽሕፈት ተለውጦ የአዲስ ካርድ ስም እንዲናገር የተደረገ አለ። ነጋዴው ራሱ ሳያውቅ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ጂ ፒ ዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ይህን ይገልጣል።

አራተኛ፥ የራሱን ሥራ በፍላሽ ይዞ ይሂድ። ሥዕሎቹን እዚያው በሱቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ያሥል፤ ሰዓቱንም ሙቀቱንም ይመዝግብ። በመጀመሪያው ደቂቃ እንደ ፈረስ ጋልቦ ሲሞቅ የሚያነክስ ኮምፕዩተር አለና አንድ ሥዕል አይቶ መፍረድ አይገባም።

አምስተኛ፥ ደረሰኙንና የመመለሻውን ቀን በጽሑፍ ይቀበል።

አሁን ደግሞ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ የማይጻፈውን፥ ለአገራችን ግን ዋና የሆነውን ነገር እናንሣ። እርሱም ሙቀትና መብራት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው እኩል ቢሽከረከር እንኳ የሚያልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለ ሆነ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የከተማችን አየር ቀዝቃዛነት ጉድለቱን ይክሰዋል፤ ይሁን እንጂ በመርካቶ አቧራ የማራገቢያው ቀዳዳ ከተደፈነ ምንም አይረዳም። ስለዚህ ሰፊ ሣጥን፥ ደኅና ማቀዝቀዣ፥ በየወሩ የሚጠረግ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ይህ ከሁሉ ርካሽ የሆነው የፍጥነት መግዣ ነው።

መብራትን በተመለከተ፥ ታላቁ የኅዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ይህ የሁላችን ኩራት ነው። ነገር ግን ኃይል ከግድቡ እስከ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ድረስ የሚደርሰው በብዙ ሽቦና በብዙ ትራንስፎርመር አልፎ ስለ ሆነ፥ በሰፈር ውስጥ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ማሰብ የአስተዋይ ሰው ነገር ነው። 25 ሰዓት በሚፈጅ ሥራ መካከል በ24ኛው ሰዓት መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል?

በሰፈራችን የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ታላላቅ ወንድሞቻችን ሁለት መድኃኒት ነግረውናል። አንደኛው ዩፒኤስ ነው። ትንሹ ዩፒኤስ ኮምፕዩተሩን ለጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል እንጂ ሥራውን አያስጨርሰውም፤ ይሁን እንጂ በደኅና እንዲዘጋ ጊዜ ይሰጠዋል፥ ድንገት ከፍ ዝቅ ከሚል ኃይልም ይጠብቀዋል። ሁለተኛው መድኃኒት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ይኸውም የሚሣለውን በአንድ የፊልም ፋይል ከማስቀመጥ ይልቅ እያንዳንዱን ሥዕል በየራሱ ፋይል ቁጥር ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው። መብራት በ2,900ኛው ሥዕል ላይ ቢጠፋ 2,899ኙ በዲስኩ ላይ አሉ፤ መብራት ሲመጣ ከ2,900 ይቀጥላል፤ የጠፋው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ሥዕሎቹ ሁሉ ሲያልቁ በአንድነት ተጨምቀው ፊልም ይሆናሉ።

ከዚህም ዘዴ ሌላ ጥቅም ተገኘ። ሥዕሎቹ በየራሳቸው ከተቆጠሩ ለብዙ ኮምፕዩተር ሊከፋፈሉ ይችላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደለምን? በትምህርት ቤታችን የኮምፕዩተር ክፍል ካሉት መካከል 20ዎቹ ከአሮጌው ኮምፕዩተራችን ጋር እኩል ቢሠሩ፥ ለያንዳንዳቸው 150 ሥዕል ይደርሳቸዋል፤ በ7 ሰዓት ተኩልም ይጨርሱታል። ታዲያ ለምን ኮምፕዩተር እንገዛለን? የሚል ቢኖር መልሳችን ይህ ነው። የኮምፕዩተሩ ክፍል የሁሉም ተማሪ ነው፤ ሥዕሉም አንድ ጊዜ ተሥሎ የሚያበቃ ሳይሆን እየታረመ ብዙ ጊዜ የሚሣል ነው። በየሳምንቱ ክፍሉን ለፊልም ብለን ልንዘጋው አይገባም። ነገር ግን የተገዛው ኮምፕዩተር ቢበላሽ፥ ወይም ቀኑ ቢደርስብን፥ በበዓል ቀን በርእሰ መምህሩ ፈቃድ መጠባበቂያ ይሆነናል። እንዲህ ያለ መጠባበቂያ እያለን እጅግ ውዱን ካርድ መግዛት አያስፈልገንም የምንለውም ስለዚህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል፤ እርሱም ከሁሉ ይበልጣል። ሬንደር የተደረገ ፊልም ቢጠፋ እንደገና ሬንደር ይደረጋል፤ የሚጠፋው ሰዓት ነው። የሽማግሌዎቹ ቃል የተቀዳበት ፋይል ቢጠፋ ግን የሚተካው የለም። ቃላቸውን ከሰጡን መካከል አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቀን እናገኛቸዋለን ብለን ልንተማመን አንችልም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰውን የእሳት አደጋ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በአንድ ሌሊት የስንት ቤተ ሰብ ንብረት እንደ ጠፋ አይተናል። ስለዚህ ቅጂው ሦስት ይሁን፤ አንዱ በኮምፕዩተሩ፥ ሁለተኛው በክበቡ ሣጥን በተቆለፈ ሃርድ ዲስክ፥ ሦስተኛው ደግሞ ከዚህ ግቢ ውጭ ርእሰ መምህሩ በሚመርጡት ቤት ይቀመጥ። የሃርድ ዲስኩ ዋጋ ከካርዱ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው፤ የሚጠብቀው ነገር ግን ዋጋ የለውም።

ባጭሩ፥ ክበባችን የሚያቀርበው አሳብ እንደሚከተለው ነው። ከየ10 ብሩ 3ቱ ለፕሮሰሰርና ለማዘርቦርድ፥ 3ቱ ለግራፊክስ ካርድ፥ 2ቱ ለራምና ለዲስኮች፥ 2ቱ ለሣጥን፥ ለፓወር ሰፕላይ፥ ለማቀዝቀዣና ለዩፒኤስ ይዋል። ፕሮሰሰሩ 8 ኮር፥ ካርዱ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ፥ ራሙ 32 ጊጋባይት ይሁን። ሣጥኑ ሰፊ፥ ፓወር ሰፕላዩም ወደ ፊት ለሚመጣ ካርድ የሚበቃ ይሁን። ከሦስት ሱቅ ዋጋ ይጠየቅ፤ ፈተናው በሁሉም ሱቅ በዚያው በአንዱ ሥዕል ይደረግ፤ የተለካው ሰዓት፥ ዋጋውና ደረሰኙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ያዋጣ ሁሉ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ይየው።

በቅዱስ ወንጌል ግንብ ለመሥራት ተነሥቶ ወጪውን አስቀድሞ ስላልቆጠረ በመካከል ስለ ቀረ ሰው ተነግሯል። ያ ሰው የቸገረው ድንጋይ አልነበረም፤ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነበረ። ውዱን ብቻ የሚሻውም፥ ርካሹን ብቻ የሚሻውም ሁለቱ ሳይቆጥሩ የተነሡ ናቸው።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዘንድሮ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ኮምፕዩተሩ ግን ለታናናሾቻችን ይቀራል። ከእርሱም ጋር ይህን የመለካት ልማድ ብንተውላቸው፥ ካርዱ ቢያረጅ ሌላ መምረጥ ያውቁበታል። ወላጆቻችን፥ ሸክም ተሸክማችሁ፥ ጉልት ተቀምጣችሁ ያገኛችሁትን ስለ ሰጣችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን።